በሕግ አምላክ

ነጌሌ የኖረ ሰው የውኃን ነገር ያውቀዋል። ቧንቧው ከጠፋ ሳምንት ባለፈው አንድ ቅዳሜ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ከወረፋ ሁለት ጀሪካን ውኃ አምጥታ ላቧን ሳትጠርግ፣ ኳስ እያየ የነበረው ታላቅ ወንድሟ፣ “እስቲ የሚጠጣ ስጪኝ” አላት። ልጄ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ “በሕግ አምላክ! እኔ ብቻ ነኝ የዚህ ቤት ልጅ?” ብላ ጮኸች። ባለቤቴ ሳቀ፤ እኔ ግን ሳቄ መጣና ጠፋ። ምክንያቱም ወንድሟን ከወንበሩ ሳላስነሳ እርሷን ወደ ወረፋ የላክሁት እኔው ነበርኩ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ቃል የአባቶቻችን ቃል ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሦስተኛው “በሕግ አምላክ!” ካለ የተነሣ ዱላ ይመለስ ነበር። ሕግ አምላክ አለው ማለት ነው። መዝሙር 82 የሚነግረንም ይህንኑ ነው፦ እግዚአብሔር ራሱ በፈራጆች መካከል ቆሞ፣ ስለ ድሀውና ስለ ወላጅ አልባው ይጠይቃቸዋል።

ስለዚህ ነገር ሳስብ አንዲት የሕግ ባለሙያ ትዝ ይሉኛል፤ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሌሎች እህቶች ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ይቆም ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። ማኅበሩ ተሟገተላት፣ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው “ድፍረት” የተሰኘው ፊልም ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ የተሠራ ነው። ቋንቋችን ለጀግንነትም፣ ሴትን ለመድፈርም አንድ ቃል መስጠቱ ያስገርማል፤ የትኛውን እንደምንመርጥ ለእኛ የተተወ ይመስላል።

በ1949 ዓ.ም. በወጣው በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባት ክስ ይቀርለት ነበር። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ተሻሻለና የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ሆነ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ለዚህ ለውጥ ከደከሙት መካከል ወይዘሮ መዓዛና ባልደረቦቻቸው ይገኛሉ። ዋጋም ከፍለዋል፤ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ለተወሰነ ጊዜ ታግዶ ነበር። እርሳቸው ግን ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

ይህን ሳነብ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ታወሱኝ። በዘኍልቍ 27 አምስት እህትማማቾች በሙሴና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ስለ አባታቸው ርስት ጠየቁ። ሙሴ “ባህላችን አይፈቅድም” ብሎ አላሰናበታቸውም፤ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም ትክክል ናቸው አለ፤ ሕግም ሆነ።

ወገኖቼ፣ ሕጉ ግን በመጽሐፍ ላይ እያለ በእኛ ሰፈር ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ንስሐዬን ልናገር። ከዓመታት በፊት ከጸሎት በኋላ አንዲት እናት ወደ እኔ መጥታ እጄን ያዘችኝ። “እህቴ፣ ልጄን ወሰዱብኝ፤ ሽማግሌዎቹ ከብት ይዘው ነገ ይመጣሉ። ምን ላድርግ?” አለችኝ። ሕጉ ያኔም ነበረ። እኔ ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የጨረስኩት፣ “ለጌታ ስጪው፤ ሰላም ይሻላል” አልኳት። ከብቱ ገባ፣ ሰላም ሆነ ተባለ፣ ልጅቱ ግን ወደ ክፍሏ አልተመለሰችም። ሰላም ያልኩት ዝምታ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሽምግልናን አልንቅም። በቦረና ምድር ቱላ የሚባሉ ጥንታዊ ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ ወንዶች ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃውን እየተቀባበሉ ያወጣሉ። የመጠጫውን ተራ የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊም አለ። ከብቱ ያለቀበትንም ጎሳው በቡሳ ጎኖፋ ያቋቁመዋል። ለግጦሽና ለውኃ ክርክር ከሽማግሌ የሚበልጥ የለም። የልጅ አካልና ሕይወት ግን በከብት የሚካስ አይደለም።

ተራ ሲጣስ ምን እንደሚከተል ነጌሌ ታውቃለች። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚሁ የነበሩ ወታደሮች የውኃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ስለከለከሏቸው አመፁ፤ ሊያጣራ የመጣውንም ጄኔራል ከምግባቸው አበሉት፣ ከውኃቸው አጠጡት። የአብዮቱን መነሻ ከዚያ የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው።

በዘጸአት 2 ደግሞ ሌላ ጉድጓድ አለ። የምድያም ካህን ሴቶች ልጆች ውኃ ቀድተው ገንዳውን ሞሉ፤ እረኞች መጥተው አባረሯቸው። ሙሴ ያን ጊዜ ስደተኛ ነው፤ ሥልጣን የለው፣ ዘመድ የለው። ቢሆንም ተነሥቶ ረዳቸው፣ በጎቻቸውንም አጠጣ። የሕዝብ ፈራጅ ከመሆኑ በፊት በጉድጓድ አፍ ላይ ለሴቶች ልጆች የቆመ ሰው ነበር።

እናቶችና አባቶች፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ወንድ ልጃችን ውኃ ይቅዳ፣ ሳህን ይጠብ። እህቱን እንደ አገልጋይ እያየ ያደገ ልጅ ነገ የሌላውን ሰው ልጅ እንዴት ያከብራል? ሁለተኛ፣ ሴት ልጃችን “ፈራሁ” ስትል እንስማት፤ “ምን አድርገሽው ነው?” ብለን አንጀምር። ሦስተኛ፣ ክፉ ከደረሰ ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳናጥብ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም እንውሰዳት፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ከዚያም ለፖሊስ እናመልክት። ቤተ ክርስቲያንም ከቤተሰቡ ጋር እስከ ችሎት ትሂድ፤ እናቲቱ ብቻዋን አትቁም።

ያን ቅዳሜ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ልጄን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ለወንድሟም ባዶ ጀሪካን ሰጠሁት። እያጉረመረመ ሄደ። ሲመለስ ትከሻው ቀልቶ፣ “እማዬ፣ ይህን ያህል ይከብዳል እንዴ?” አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወረፋው በተራ ነው።

ያቺን እናት ግን አሁንም በጸሎቴ አነሣታለሁ። ዛሬ ሌላዋ መጥታ እጄን ብትይዝ አብሬያት ልሄድ ለጌታዬ ቃል ገብቻለሁ። እናንተስ? የሕግ አምላክ ይርዳን። አሜን።