ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ

ለጋራ አትክልት እርሻ ጉልበት ማዋጣት አዲስ ነገር አይደለም። ደቦውም ወንፈሉም የቆየ ነው። ሰው መሬቱን ይቆፍራል፤ መደብ ያወጣል፤ ችግኝ ይተክላል። በዚያ ቀን የሚቀር የለም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ክሽክሽ ደቦ እስኪጠራ አይጠብቅም።

ከማስተማሪያ ቤታችን አጠገብ ባለው የጋራ እርሻ ዘንድሮ የደረሰው ይኸው ነው። በጥር በመስኖ የተተከለው ጎመን መጀመሪያ አምሮ ነበር። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ አቅም ለሌላቸው ልጆች ደብተር መግዣ ታስቧል። ኋላ ግን ቅጠሉ ተጨማደደ፤ ቢጫ ሆነ። ሥሩን ቢያዩት ደህና ነው። አንዲት እናት ቅጠሉን ገልብጠው ሲያዩ ዐመድ የተነሰነሰበት መሰላቸው። ዐመድ አልነበረም፤ ክሽክሽ ነው።

ክሽክሽ የቅጠሉን ፈሳሽ ትመጣለች። በእኛ አገር ሙቀት ወንድ ሳያስፈልጋት፣ እንቁላልም ሳትጥል ትወልዳለች። ልጅዋም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ራሷ እናት ትሆናለች። ዛሬ አምስት ያያችሁበት ቅጠል በወሩ ተሸፍኖ ይገኛል። ደረቅ ወራት ይስማማታል። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ግን ታጥባ ትወድቃለች።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንድ ሰው ከገበያ በውሃ ጠርሙስ የተቀዳ መድኃኒት ይዞ መጣ። «ባንዴ ነው የሚጨርሰው» አለ። ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ የለም። ስሙ አይታወቅም። ክርክሩም ቀላል አልነበረም። ሰውየው ልፋቱ ዐይኑ እያየ ሲጠፋ ነው የተናገረው፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጎመኑን ነገ የሚበላው ሰው ነው። ዲዲቲን አስቡ። የወባ ትንኝ ለመግደል በቤት ግድግዳ ላይ ሲረጭ የነበረ ነው። በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ በሰው ስብ ውስጥም ይከማቻል። በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተፈረመው የብዙ አገሮች ስምምነት ዲዲቲን ለእርሻ እንዳይውል ከልክሏል።

እዚህ ላይ ነው ፊደል የሚጠቅመው። የመድኃኒት ዕቃ ሲገዛ ጽሑፉ ይነበብ። ለየትኛው ተክል ነው? በስንት ውሃ ይበጠበጣል? ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም ይቆያል? ቀይ መስመርና የራስ ቅል ሥዕል ካለበት እጅግ አደገኛ ነው። ጽሑፍ የሌለው ደግሞ ጭራሹን አይገዛ።

ጠርሙሱ ተመለሰ። በምትኩ ሳሙና መጣ። ለ10 ሊትር ውሃ 100 ግራም ያህል የልብስ ሳሙና ተፍቆ ሟሟ። ባዶ ውሃ ለምን አይበቃም? የጎመን ክሽክሽ ገላዋ ሰም የመሰለ ዱቄት ለብሷል፤ ውሃው ተንከባሎ ይወርዳል። ሳሙና ሲገባበት ግን ይይዛታል። ሳሙና የሚገድለው የነካትን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከቅጠሉ ሥር መረጨት አለበት። ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ወደ ማታ ይረጫል። ቅጠል እንዳያቃጥል አስቀድሞ በጥቂት ቅጠል ላይ ተሞክሮ አንድ ቀን ይጠበቃል።

ሰዉ እየለቀመ ሲጨፈልቅ አንድ ነገር ታየ። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ስድስት እግር ያላት ትል ነበረች። እሷም ልትጨፈለቅ ነበር። ተዉአት! ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት የዚያች ትንሽ ጥንዚዛ ልጅ ናት። እናትም ልጅም ክሽክሽ በላተኞች ናቸው። ልጅዋ እናቷን ስለማትመስል ነው እኮ ስንቱ የገደላት። ያለ ደመወዝ የምትሠራ ዘበኛ ናት።

ከዚያ ወዲህ ተራ ወጣ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰው ይመጣል። ከየመደቡ አሥር አሥር ቅጠል ይገለበጣል። ክሽክሽ የተገኘበት ቅጠል በደብተር ይጻፋል። መጀመሪያ ቀን ከአሥሩ ስምንት ተጻፈ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁለት። ቁጥሩን የጻፉት አባት አምና ስማቸውን በጣታቸው ነበር የሚፈርሙት።

ሁለት መደብ አልዳነም። ጎመኑ ከነግንዱ ተነቅሎ ተቀበረ፤ የቆመ አሮጌ ግንድ ክሽክሽን አሳድሮ ለአዲሱ ችግኝ ያወርሳልና። በቦታው ሽንኩርት ገብቷል። የጎመን ክሽክሽ ሽንኩርት አትነካም። ሽንኩርት የራሱ ተባይ አለው፤ ስለ እርሱ በሚቀጥለው ሳምንት እንጽፋለን።