ለልጅዎ ምን ያወርሳሉ?

ሸዋ ሮቢት የሚኖሩ ከሆነ ይህን ያውቁታል፦ ሽንኩርቱና ማሾው ገበያ ሲወጣ የብዙ አባት ሐሳብ አንድ ነው፤ «ልጆቼን ላስተምርበት»። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ከይፋት ቆላ በስተምዕራብ ባለችው መርሐቤቴ የተወለዱ አንድ አባት ግን ከገንዘብ ሌላም የሚወረስ ነገር እንዳለ አሳይተዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ በእንጦጦ ራጉኤል የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመው ቤተ መንግሥት ገቡ። ዳኛ፣ መልእክተኛ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። «ጎሐ ጽባሕ» የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁመው መጻሕፍት አሳተሙ። ጃፓን ደርሰው ሲመለሱም ያዩትን በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ለአንባቢ አቀረቡ።

«ሥራ በዛብኝ» የምንል ወላጆች እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኚህ ሰው በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የሚል መጽሐፍ አውጥተዋል። ርእሱን ልብ ይበሉ፤ ልጅን የሚመክረው ቃል አባትንም ያስታውሳል።

ጣሊያን አገራችንን ሲወርር ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በመስከረም 1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ዐረፉ፤ የአገራቸውን ነጻነት አላዩም። ልጃቸው ሲራክ ግን ከነጻነት በኋላ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ መለሱ። ብዕሩ ከአባት ወደ ልጅ ተሻገረ።

ዛሬ ማታ ልጆችዎ ሲተኙ አንድ ደብተር ይክፈቱ። ልትነግሯቸው እያሰባችሁ ጊዜ ያጣችሁለትን፣ እርስዎም ባለቤትዎም፣ አንድ ገጽ ጻፉላቸው። የሽንኩርቱ ብር ለትምህርት ቤት ይከፈላል፤ ያቺ ገጽ ግን ከልጆችዎ ጋር ትቆያለች።