ብርቅ ሥር ሁሉ ብርቅ ዋጋ አያወጣም

በአገር ብቻ የሚበቅሉ ዕፅዋት ንጥረ ነገር በገበያ ዓይን ሲታይ

በሐይቅ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የወሎ ገበያዎች ሁሉ፣ የመድኃኒት ሥርና ቅጠል የሚሸጠው በእስርና በእፍኝ ነው። በሌላው የገበያ ጫፍ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የኬሚካል አቅራቢዎች ዘንድ፣ ከተክል ተነጥሮ የወጣ ንጥረ ነገር በሚሊግራም እየተመዘነ ይሸጣል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የነጋዴንም፣ የደላላንም፣ የባለሀብትንም ዓይን ይስባል። «በሌላ አገር የማይገኝ ሥር በእጃችን ይዘን በሳንቲም እንሸጣለን» የሚለው አስተያየት የሚነሳውም ከዚሁ ነው።

አስተያየቱ ግማሽ እውነት አለው። ቀሪው ግማሽ ግን ገንዘብ ሊያስበላ ይችላል። ምክንያቱም ተክሉ ብርቅ መሆኑ ብቻውን በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ውድ አያደርገውም።

ንጥረ ነገሩ ከየት ይመጣል?

ተክል እንደ እንስሳ ሸሽቶ አያመልጥም። ነፍሳትን፣ ሻጋታንና ከብትን የሚከላከለው በራሱ ውስጥ በሚሠራቸው ኬሚካሎች ነው። አንዱ መራራ፣ አንዱ መርዛም፣ ሌላው ሽታ ያለው ነው። የሰው ልጅ ለመድኃኒት፣ ለፀረ ተባይ፣ ለቀለምና ለሽቶ የሚፈልገው አብዛኛው የዕፅዋት ንጥረ ነገር ከነዚህ መከላከያዎች ወገን ነው።

መጠኑ ግን ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ እንደ አፈሩ፣ እንደ ወቅቱ፣ እንደ ተክሉ ዕድሜና እንደተወሰደው ክፍል ይለያያል። ለስሌት ያህል በደረቅ ሥር ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ የሚገኝ ንጥረ ነገር ብንወስድ፣ 10 ኩንታል ደረቅ ሥር ቢበዛ 1 ኪሎ ይሰጣል። በማጣራት ላይ የሚጠፋው ሲቀነስ የሚተርፈው ከዚያም ያንሳል። ደረቅ ሥር ደግሞ ከእርጥቡ ክብደት ጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ንጥረ ነገር ከመሬት የተነቀሉ እጅግ ብዙ ተክሎች ማለት ነው።

በዓለም ገበያ ይህን በግልጽ ያሳየው ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተገኘው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ከሚበቅል ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ቅርፊት ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ለማውጣት ወደ 10,000 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ ቅርፊት ይጠይቅ ነበር። በአሜሪካ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ለሕክምና ሲፈቀድ የቅርፊት ተፈላጊነት ናረ። ብዙም ሳይቆይ ግን ኬሚስቶች ከሌላ ተመሳሳይ ዛፍ ቅጠል ተነስተው መድኃኒቱን መሥራት ቻሉ፤ ቀጥሎም በፋብሪካ በሚራባ የተክል ሕዋስ ማምረት ተጀመረ። መድኃኒቱ ዛሬም በገበያ ላይ ነው፤ የዱር ቅርፊት ንግዱ ግን የቆየው ለጥቂት ዓመታት ነበር።

የኮሶ ትምህርት

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት ቀደም ብላ አይታዋለች። ኮሶ በደጋው የሚበቅል ዛፍ ሲሆን ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው ዛፍ አበባ ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኮሶ ጽፎ ለአውሮፓ አስተዋውቋል። በ1820ዎቹ ደግሞ በቁስጥንጥንያ የነበረ ብራየር የተባለ ሐኪም አበባው የኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ መስክሮ ወደ ፈረንሳይ ላከው።

በ1850 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የኮሶ አበባ በለንደን ገበያ በአንድ አውንስ፣ ማለትም በ28 ግራም ገደማ፣ 35 ሺሊንግ ተጠየቀበት። ለዚያ ዘመን ይህ እጅግ ከፍተኛ ዋጋ ነበር። ይሁንና ዋጋው ያን ያህል የሰቀለው የአቅርቦቱ እጥረት ነበር፤ ጭነቱ ሲበረክት ዋጋው ወረደ። በኋላም ኬሚስቶች ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ለይተው አወቁ። ሆኖም ኮሶ ከመጠን ሲያልፍ ዓይንን እስከመጉዳት የሚደርስ መርዝነት ስላለው፣ እንደ ኒክሎሳሚድ ያሉ በፋብሪካ የሚሠሩ፣ ርካሽና መጠናቸው የተለካ ኪኒኖች ሲመጡ ገበያውን ተነጠቀ። ዛሬ በአገር ቤትም ቢሆን ኮሶ የያዘው ሰው በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ፋርማሲ ነው።

ብርብራና ድንገተኛ

ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣን እንደሚያሰክር በጣና አካባቢና በሌሎችም ሥፍራዎች ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። በ1943 (እ.ኤ.አ.) አንድ የአሜሪካ ኬሚስት ፍሬውን መርምሮ ሮቴኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ከዘመዶቹ ጋር በውስጡ እንዳገኘ አሳተመ። በ1980ዎቹ መጨረሻም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው የሰሜኑንና የደቡቡን የብርብራ ወገኖች ንጥረ ነገር ለይተው በዓለም አቀፍ መጽሔት አወጡ።

ሮቴኖን ሕዋስ ከኦክስጅን ኃይል የሚያመነጭበትን መሥመር ይዘጋል። ዓሣ በስንጥቡ በኩል ወደ ደሙ ስለሚያስገባው ቶሎ ይሞታል፤ ነፍሳትም እንዲሁ። በፀሐይ ብርሃን ቶሎ ስለሚፈራርስ ለረጅም ጊዜ «የተፈጥሮ ፀረ ተባይ» እየተባለ ተሸጧል። ሰምቶ በብርብራ ፍሬ ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብ ሰው ግን ሁለት ነገር ማወቅ ይኖርበታል።

አንደኛ፣ ዛፉ የኢትዮጵያ ብቻ ቢሆንም ንጥረ ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የዓለም ገበያ ሮቴኖንን ሲያገኝ የኖረው ከእስያው ዴሪስና ከደቡብ አሜሪካ ተመሳሳይ ሥሮች ነው። ሁለተኛ፣ የገበያው በር ጠብቧል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ሮቴኖን በአይጦች ላይ የፓርኪንሰን ዓይነት ሕመም እንደሚያስከትል ካሳየ በኋላ ጥንቃቄው በረታ፤ በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ከተፈቀዱ የእርሻ ፀረ ተባዮች ዝርዝር ውስጥ ሳያካትተው ቀረ። በአሜሪካም በዋናነት የቀረው አገልግሎት የማይፈለግ ዓሣን ከውኃ ማስወገድ ነው።

ጉዳዩ ለሐይቅ ነዋሪ ሌላም ትርጉም አለው። የሐይቅ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። በእንዲህ ያለ ዝግ ውኃ ዓሣን በመርዝ ማስገር ትልቁንም ጫጩቱንም አብሮ የሚጨርስ፣ የዓሣ ነጋዴውን የነገ አቅርቦት ዛሬ የሚያጠፋ ሥራ ነው።

ድንገተኛ የሚባለው ሥር ደግሞ የተለየ ችግር አለበት። ይህም በኢትዮጵያ የሚታወቅ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ሥሩ በድንገት ለሚነሳ የሆድ ቁርጠትና ትኩሳት ይታኘካል፤ በየገበያው በትንንሽ እስር ይሸጣል። ቤተ ሙከራ የሕዝቡን ዕውቀት መሠረት እንዳለው አሳይቷል። በ1990 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የእንስሳት ሙከራ ትኩሳት የማብረድና ሕመም የማስታገስ ኃይል እንዳለው አመልክቷል። በውስጡም ፎርሞኖኔቲን፣ አፍሮርሞሲንና ሜዲካርፒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ተገኝተዋል።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሜዲካርፒን ለከብት መኖ በሚዘራው አልፋልፋ ውስጥም ይገኛል፤ ፎርሞኖኔቲንም በአውሮፓ መስክ ሁሉ በሚበቅለው ቀይ ማገጥ ውስጥ ሞልቷል። ንጥረ ነገሩን ብቻ የሚፈልግ ገዢ ከኢትዮጵያ ሥር አስነቅሎ የሚያጓጉዝበት ምክንያት የለውም። የድንገተኛ ዋጋ ያለው በአገር ውስጥ ተጠቃሚው በሚያምንበት ሙሉ ሥር ላይ ነው። ሥሩ ሲነቀል ግን ተክሉ ይሞታል። አበባና ፍሬ መሸጥ ወለድ መብላት ሲሆን፣ የዱር ሥር ነቅሎ መሸጥ ዋናውን ካፒታል መብላት ነው።

የተሻለው ዕድልና ያጋጠመው

በኢትዮጵያ ዕፅዋት መካከል ለኢንዱስትሪ የቀረበው ምሳሌ ቬርኖኒያ ነው። በ1964 (እ.ኤ.አ.) አንድ የአሜሪካ የዕፅዋት ተመራማሪ ከሐረር አካባቢ የሰበሰበው ዘር 40 በመቶ ገደማ ዘይት እንዳለውና የዘይቱም አብዛኛው ክፍል ቬርኖሊክ አሲድ መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ አሲድ ለቀለም፣ ለማጣበቂያና ለፕላስቲክ ማለስለሻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ፋብሪካዎች ከሌላ ዘይት በኬሚካል ለውጠው የሚያገኙትን ጠባይ ተፈጥሮ ራሷ ሰጥታዋለች። ከዘሩ ክብደት ሩብ በላይ የሚሆነው የሚሸጥ ንጥረ ነገር ነው ማለት ነው። ይህም ከሺህ አንድ ጋር አይወዳደርም። በዚያ ላይ በየዓመቱ የሚዘራ እንጂ የሚነቀል ሥር አይደለም።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር (በ2006 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ መንግሥት ቬርኒክ ባዮቴክ ከተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር ለ10 ዓመት የሚቆይ ስምምነት ተፈራረመ። የፈቃድ ክፍያ፣ የሮያሊቲና የትርፍ ድርሻ እንዲሁም ለገበሬዎች የማምረት ሥራ የሚያስገኝ ነበር። ሆኖም የተጠበቀው ንግድ በታሰበው መጠን ሳይራመድ ቀርቷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከሆላንድ ኩባንያ ጋር የተደረገው የጤፍ ስምምነትም ኩባንያው በ2009 (እ.ኤ.አ.) በመክሰሩ ከሽፏል። በጤፍ ላይ ወጥቶ የነበረውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ያሳጣው በ2018 ነው።

ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። የኪሳራ አደጋ ያለበት አንድ ገዢ ብቻውን ገበያ አይሆንም። የወደፊት የትርፍ ድርሻ ብቻ ሳይሆን፣ በየደረጃው በእጅ የሚገባ ክፍያ በውሉ ውስጥ መኖር አለበት።

ሕጉ የት ላይ ይጀምራል?

ላኪዎችና ደላሎች በቅጡ ሊለዩት የሚገባ መሥመር አለ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርካቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሬውን ልማዳዊ አጠቃቀምና ልውውጥ አይነካም። ለቀጥታ ፍጆታ የሚደረግ ሽያጭም ከአዋጁ ውጪ ነው። ኮሶ በገበያ የምትሸጥ እናት ፈቃድ አያስፈልጋትም።

ገዢው የሚፈልገው ለምርምር ወይም ንጥረ ነገሩን ለማውጣት ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። አዋጁ «ጄኔቲክ ሀብት» ሲል ከሕይወታዊ ሀብት የሚወጡ ዘይቶችን፣ ሙጫዎችንና ኬሚካሎችንም ይጨምራል። ፈቃድ የሚሰጠው የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስቀጣል። ዝርያው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ስለዚህ «ለናሙና» ተብሎ በሻንጣ የሚላክ ሁለት ኪሎ የድንገተኛ ሥር ቀላል ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የናጎያ ፕሮቶኮልም ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ በመሆኑ፣ በአውሮፓ ያለ ሕጋዊ ገዢ ራሱ የምንጩን ሰነድ ይጠይቃል። ሰነድ የሌለው ዕቃ ወይ አይሸጥም፣ ወይ በርካሽ ይሸጣል።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

1ኛ. ንጥረ ነገሩ በሌላ ርካሽ ተክል ውስጥ አይገኝም ወይ?

2ኛ. በፋብሪካ ሊሠራ አይችልም ወይ? የሚቻል ከሆነ የዱር ዕቃው ገበያ ዕድሜው አጭር ነው።

3ኛ. ከመቶ ስንት እጅ ይገኛል? ናሙናውን በአገር ውስጥ ቤተ ሙከራ ያላስመረመረ ነጋዴ የሚገዛው ወሬ ነው።

4ኛ. የሚሸጠው ክፍል በየዓመቱ የሚመለስ ነው ወይስ ተክሉን የሚገድል? የሚገድል ከሆነ መጀመሪያ ማልማት፣ ከዚያ መሸጥ።

አራተኛው ጥያቄ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይመልሰናል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስፋፉት ገዳም በሐይቁ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ደኑን ይዞ ቆይቷል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ዙሪያው ሲመነጠር ነባር ዛፎች የቀሩት በአብዛኛው በእንዲህ ያሉ የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥሮች ውስጥ ነው። በንግድ ቋንቋ ቢነገር እንዲህ ያለ ደን የዘር ባንክ ነው። ከዕቃ መጋዘን ጋር የሚያምታታው ነጋዴ ይሳሳታል። ከባንኩ የሚወሰደው በባለቤቶቹ ፈቃድ የሚለቀም ዘር ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ከዚያ ዘር በአምባሰልና በአካባቢው ገበሬ ማሳ ላይ የሚበቅለው ይሆናል።

ይህ መንገድ ረጅም ነው፤ በአንድ ወቅት የሚያከብር አይደለም። የዱር ሥር በርካሽ ሰብስቦ በውድ የመሸጥ ስሌት ግን ከወዲሁ የሚታይ ማብቂያ አለው። ሥሩ ያልቃል፤ ካላለቀም ኬሚስቱ ይቀድመዋል።