አሮጌው ፒክአፕ ታይሚንጉን ለምን ደጋግሞ ይስታል?

ጠዋት ጠዋት አልነሳ የሚል፣ ሲነሳም ነጭ ጭስ የሚተፋ፣ ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጥረው አሮጌ ፒክአፕ ሳታውቁ አትቀሩም። መካኒኩ «ታይሚንጉ ስቷል» ይልና ያስተካክለዋል። መኪናው ሦስት ሳምንት ሸጋ ሆኖ ይሠራል፤ ከዚያ ያው ጭስ ይመለሳል። ያው ጋራዥ፣ ያው ክፍያ። ሽንኩርት እያመላለሰ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ጥያቄው «እንዴት ይስተካከላል?» ሳይሆን «ለምን ይመለሳል?» ነው። ለምሳሌ በአገራችን መንገድ ሁሉ የምታዩትን የቶዮታ ሃይሉክስ እንውሰድ፤ 3ኤል የሚባለው 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለውን።

በሞተሩ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተስማምተው መዞር አለባቸው። አንዱ ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ክራንክሻፍት ነው። ሁለተኛው ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት፣ ሦስተኛው ደግሞ ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱና ፖምፓው አንድ አንድ ጊዜ ይዞራሉ። ሦስቱን የሚያስተሳስራቸው ባለ ጥርስ የጎማ ቺንጋ ነው። ታይሚንግ የምንለው ይህ ስምምነት ነው፤ በቃ።

ምን ያህል ስስ ነገር እንደሆነ አብረን እናስላ። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 33 ጊዜ ያህል ዞረ ማለት ነው። አንድ ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ በሰከንድ 12,000 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ዲግሪ ስህተት ማለት የሰከንድ 12,000ኛ እጅ ነው። አሁን የካምሻፍቱ ፑሌ 40 ጥርስ አለው እንበል። ቺንጋው እዚያ ላይ አንድ ጥርስ ብቻ ቢዘል ካምሻፍቱ በ9 ዲግሪ ይዛባል፤ በክራንክሻፍት ሲቆጠር 18 ዲግሪ። አንድ ጥርስ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አይደለም።

የናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ የለውም። አየሩ ወደ 22 እጥፍ ገደማ ይጨመቅና ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት ራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ የሚረጭበት ሰዓት ማለት የሚቀጣጠልበት ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ከቀደመ ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ ይፈነዳበትና ሞተሩ በመዶሻ እንደሚመታ ድምፅ ያሰማል። ከዘገየ ደግሞ ናፍጣው በቅጡ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ ነጭ ጭሱ እሱ ነው።

ግን ቆይ፣ ነጭ ጭስ ሁሉ ታይሚንግ አይደለም። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ከሞቱም ጠዋት ላይ ያው ምልክት ይታያል። ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ታንከሩ ተመልሶ መስመሩ አየር ከያዘም አልነሳ ይላል። እነዚህ ግን ሞተሩ ተነስቶ ሲሞቅ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋሉ፤ የታይሚንግ ችግር ከሆነ ሞተሩ ሞቆም የጉልበት ማነሱ ይቀጥላል። ጭሱ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ሌላ ተጠርጣሪ አለ፦ ከፍታ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ አየር ላይ የቆላውን ያህል ናፍጣ ከተረጨለት ይጠቁራል። ፖምፓውን ዝም ብሎ ማዞር እዚህ ላይ መፍትሔ አይሆንም።

ታይሚንግ መሆኑ ከታመነ በኋላ፣ እኔ እንደ መሐንዲስ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ከማስተካከላችሁ በፊት ለኩ! የተዛባው ታይሚንግ ማስረጃ ነው። ሳትለኩ ካስተካከላችሁት ማስረጃውን አጠፋችሁት። ሞተሩን በእጅ፣ በቁልፍ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ምልክቶቹ የት እንደቆሙ ጻፉ። ፖምፓውንም ከኋላው ያለውን ብሎን ፈትቶ በመለኪያ ሰዓት የውስጡን ዘንግ እንቅስቃሴ በሚሊሜትር መለካት ይቻላል።

አሁን ማሰብ ብቻ ነው የሚቀረው። ካምሻፍቱም ፖምፓውም በእኩል መጠን ከተዛቡ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተሳሳቱ ከማለት ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ተንቀሳቀሰ ማለት ይቀላል፤ እሱም ክራንክሻፍቱ ጋ ያለው ጥርስ ነው። ወይ ቺንጋው እዚያ ላይ ዘሏል፣ ወይ ጥርሱን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያስረው ትንሽ የብረት ቁልፍ ቤቱን በልቶ እየተወዛወዘ ነው። ካምሻፍቱ ብቻ ከሳተ ቺንጋው የዘለለው ላይ ነው። ፖምፓው ብቻ ከሆነ በመጀመሪያ ከሞተሩ ጋር የሚያስሩትን ዳዶዎች እዩ፤ ቀዳዳዎቹ ፖምፓውን ለማዞር እንዲመቹ ረዘም ያሉ ስለሆኑ በንዝረት ከላሉ ፖምፓው ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ምልክቱም ልኬቱም ልክ ሆኖ ሞተሩ አሁንም ከዘገየ ጥፋቱ ፖምፓው ውስጥ ነው። ፍጥነት ሲጨምር መርጫውን የሚያስቀድም በናፍጣ ግፊት የሚሠራ ትንሽ ፒስተን አለ፤ እሱ ሲያረጅ ውጭ ያለውን ብታስተካክሉ አይረባም።

ምልክቱ ራሱ የሚዋሽበት ጊዜም አለ፤ በጣም የምወደው ጉዳይ ይሄ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ የክራንክሻፍቱ የውጭ ፑሌ ሁለት የብረት ቀለበት ሲሆን መካከላቸው ንዝረት የሚያበርድ ጎማ አለ። ጎማው ሲያረጅ ምልክቱ ያለበት የውጭው ቀለበት ይንሸራተታል። መካኒኩ በተንሸራተተ ምልክት ደህናውን ሞተር ያበላሻል፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ እንደገና። ፑሌውን አውልቆ ከኋላው ያለውን የጥርሱን ምልክት ማየት ነው።

ቺንጋው ደጋግሞ የሚዘል ከሆነስ? አዲስ ቺንጋ ገዝቶ ማሰር ብቻውን አይበቃም። ወጣሪው ኩሽኔታ ካረጀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ አዲሱም ይላላል። ከክራንክሻፍቱ ወይም ከካምሻፍቱ ጫፍ ዘይት የሚያፈስ ማገጃ ጎማ ካለ ዘይቱ ቺንጋውን ያባብጠዋል፤ ጥርሱም ይላጣል። እነዚህን ሳይቀይሩ ቺንጋ ብቻ መቀየር፣ በእኔ እይታ፣ ገንዘብ መጣል ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋ መብራት አለ፤ በብዙዎቹ ላይ በየ100,000 ኪሎሜትሩ ይበራል። ግን መብራቱ ቺንጋውን አያየውም፤ የሚቆጥረው ኪሎሜትር ብቻ ነው። ስለ ዘይቱም፣ ቆሞ ስላረጀው ጎማም የሚያውቀው ነገር የለም። ቺንጋው ከተበጠሰ ክፍት የቀሩት ቫልቮች ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ። የከፋው ግን ቁልቁለት ላይ ሲሆን ነው፦ የፍሬኑን አጋዥ የሚያሠራው ፓምፕ ከሞተሩ ጋር ይቆማል። የተጠራቀመው ለአንድ ሁለት ርግጫ ይበቃ ይሆናል፤ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ፣ መብራቱን ሳትጠብቁ ቺንጋውን፣ ወጣሪውንና ማገጃ ጎማዎቹን አንድ ላይ አስቀይሩ። ቀኑንና ኪሎሜትሩንም በማርከር ሽፋኑ ላይ ጻፉበት።