ነፍሰ ጡር እናትና የሰው ዓይን

በሰሜን ጎንደር ደጋ፥ በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ፥ ምጥ የአንዲት ሴት ጭንቅ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም፥ ማርያም» እያለ ይማጠናል፤ ለገንፎው እሳት ይነዳል። ክቡራን አንባብያን፥ ኤች አይ ቪ በደሟ የተገኘባት እናት ምሥጢሯን ይዛ የምትወልደው በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ነው።

ሐሜትን የምትፈራ ሴት በሁለት ወገን ተይዛለች። ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ በመድኃኒት ክፍሉ ደጃፍ የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ትሠጋለች፤ በቤቷ ብትቀር ደግሞ የልምድ አዋላጂቱ ያለ ጓንት ደሟን ትነካለች፥ ሕፃኑም ሊሰጠው የሚገባው መድኃኒት ይቀርበታል። የቅርባቸውን ጤና ጣቢያ አልፈው እስከ ጎንደር ከተማ የሚወርዱ መኖራቸው ስለዚህ ነው። ለመንገዱ ገንዘብ የሌላትስ?

መድኃኒቱ ግን አልጠፋም። በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይታደላል፤ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህም ቫይረሱ ያለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ሳትዘገይ ጀምራ ዕድሜዋን ሙሉ እንድትወስድ ተወስኗል። ሕክምና ከሌለ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ፤ ሕክምናው ሲሟላ ከ5 ያንሳሉ። ጸበልን ከመድኃኒት ጋር ለሚያጣሉም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስታውቀው ነበር።

ከወሊድ በኋላ ደግሞ የቅቤ ነገር ይመጣል። እኛም ቅቤ ልሰን ያደግን ነንና ልማዱን ለማንቋሸሽ አንደፍርም። ሆኖም ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናቱ ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ቫይረሱ ላለባት እናት ምክሩ ይበልጥ ይጠብቃል፥ ጡትን ከሌላ ምግብ ጋር መቀላቀል አደጋውን ያበዛዋልና። እናቲቱ «ቅቤው ይቅርበት» ስትል አማቷ «ምነው ልጄ፥ ለምን?» ትላታለች። ይህችን አንዲት ቃል መመለስ ከምጡ ይልቅ የሚከብዳት ሴት አለች። ባሏ የሚያውቅ ከሆነ ከጎኗ ቆሞ «ሐኪም አዝዞ ነው» ሊል ይችላል፤ ካላወቀ ግን ዝም ብላ ቅቤውን ታስልሳለች።

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል። የመጀመሪያው የደም ምርመራውም በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ በሁለቱ መካከል ሁለት ቀን ያህል ቢሆን ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ዘመድ በእልልታ ይከተላታል፤ ወደ ጤና ጣቢያ የምትወርደው ልጇን አዝላ ብቻዋን ነው።