ስለ አምፕሊፋየሮች ድምፅና ስለ ሰሚው ምርጫ

ሙዚቃን አጥርቶ መስማት የሚወድ ሰው መሣሪያ ሊገዛ በተነሣ ጊዜ ከክርክር ላይ መውደቁ አይቀርም። አንዱ ወዳጁ የባለቱቦው አምፕሊፋየር ድምፅ ለጆሮ ይለሰልሳል ይለዋል፤ ሌላው የባለትራንዚስተሩ ነጥሮ ይሰማል ሲል ይከራከረዋል፤ ነጋዴው ደግሞ ዋጋው ከፍ ያለውን ያመሰግንለታል። የአምፕሊፋየር ሥራ ግን ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ይኸውም ከሸክላ ማጫወቻው ወይም ከሌላ ምንጭ የመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት፣ መልኩን ሳይለውጥ አበርትቶ ለስፒከሩ መስጠት ነው። ሁሉም ይህን በደንብ የሚፈጽሙ ከሆነ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ጥያቄውን ያነሣነው እንዲያው ለጨዋታ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ ከአንድ ዓመት በላይ ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ አምፕሊፋየር ላይ ሊያውል ስለ ነበር፣ ሦስት ሆነን አንድ ባለቱቦና አንድ ባለትራንዚስተር ተውሰን ምሽት ምሽት እያፈራረቅን አዳመጥን። በሳምንቱ መጨረሻ ፍርዳችንን ጻፍን፤ ባለትራንዚስተሩ «ሕይወት ያለው»፣ ባለቱቦው «የደከመ» ተባለ። ጽሑፉንም ለዚሁ መጽሔት ልንሰጥ ተዘጋጅተን ነበር። ኋላ ግን በሴኮንድ 1000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ለቅቀን በስፒከሩ ጫፎች ላይ በቮልትሜትር ብንለካ፣ ባለቱቦው 2 ቮልት ሲሰጥ ባለትራንዚስተሩ 2.24 ቮልት ይሰጥ ኖሮአል። ይህ 1 ዴሲቤል ያህል ነው። ሕይወት ያልነው ነገር አብዛኛው የ0.24 ቮልት ብልጫ ነበር!

የሰው ጆሮ እንዲህ ያለውን ጥቂት ብልጫ «ጮኸ» ብሎ አይተረጉመውም፤ «ጠራ፣ ደመቀ፣ ቀረበ» ብሎ ነው የሚተረጉመው። ስለዚህ የጻፍነውን ቀድደን ሁለቱን እኩል አደረግን፤ በመጋረጃም ሸፍነን፣ የትኛው እንደሚጫወት ሳንቲም በመወርወር ብቻ እንዲወሰን አደረግን። በዘፋኝ ድምፅና በቫዮሊን ላይ ሦስታችንም ገምተን እንጂ ለይተን አልመለስንም። ባስ ጊታር ጎልቶ በሚሰማበት አንድ ሸክላ ላይ ግን ገዢው ወዳጃችን ደጋግሞ አልሳተም። ይህ ለምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ክርክሩ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1945 በእንግሊዝ አገር ሃሮልድ ሊክ መዛባቱ ከመቶ 0.1 ብቻ የሆነ አምፕሊፋየር ለገበያ አቀረበ፤ በ1947 ደግሞ ዊልያምሰን የተባለው መሐንዲስ ዋይርለስ ወርልድ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ንድፍ በብዙ አገር በእጅ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ አምፕሊፋየር ማለት ከራሱ ምንም የማይጨምር ማለት ሆነ። በ1978 ጄምስ ሞየር የኳድን ሦስት አምፕሊፋየሮች፣ ማለት የ1953ቱን ባለቱቦ፣ የ1967ቱንና የ1975ቱን ባለትራንዚስተሮች፣ ሰሚዎቹ ሳያዩ አወዳደረ፤ ሰሚዎቹ ከግምት የተሻለ ውጤት አላገኙም። በ1987 ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከርካሹ እስከ እጅግ ውዱ አሰልፎ ያደረገው ፈተና ውጤቱ ያው ሆነ፤ ከሰሚዎቹም ልዩነት አለ ብለው በጽኑ የሚያምኑ ነበሩባቸው።

ታዲያ ሁሉ አንድ ነው ማለት ነውን? አይደለም፤ ልዩነት የሚሰማባቸው ሊለኩ የሚችሉ ምክንያቶች አሉ። ዋነኛው የአምፕሊፋየሩ የውስጥ ተቃውሞ ነው። በስፒከር ጀርባ 8 ኦም ተብሎ ቢጻፍም ቍጥሩ በድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ይለዋወጣል፤ በአንዱ ሥፍራ 4፣ በባሱ አካባቢ 30 ሊደርስ ይችላል። የአምፕሊፋየሩ የውስጥ ተቃውሞ 2 ኦም ቢሆን፣ 4 ኦም ባለበት ሥፍራ ለስፒከሩ የሚደርሰው ቮልት ከስድስት አራት እጁ ነው፤ 30 ኦም ባለበት ግን ከ32 ሠላሳ እጁ ይደርሰዋል። ልዩነቱ ወደ 3 ዴሲቤል ይጠጋል፤ ይህንንም ማንም ሰው ይሰማዋል። የውስጥ ተቃውሞው 0.05 ኦም ቢሆን ግን ልዩነቱ ከ0.1 ዴሲቤል ያንሳል። ባለቱቦዎች ብዙዎቹ ከፍ ያለ የውስጥ ተቃውሞ አላቸው፤ ወዳጃችን ይለየው የነበረውም ይህንኑ የባሱን ማበጥ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዱ አምፕሊፋየር በአንዱ ቤት ተወድዶ፣ በሌላው ቤት በሌላ ስፒከር ላይ ቢጠላ ሁለቱም ባለቤቶች እውነተኞች ናቸው።

ሁለተኛው ከአቅም በላይ ሲጮኽ የሚመጣው መዛባት ነው። ባለትራንዚስተሩ ከአቅሙ ጫፍ ሲደርስ የሞገዱን ራስ በድንገት ይቆርጠዋል፤ ባለቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ያጎብጠዋል። በአንድ ቱቦ ብቻ የሚሠራውና 8 ዋት ያህል የሚሰጠው ዓይነት ደግሞ ገና ሳይጨነቅ ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ይጨምራል፤ ይህ ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ጆሮን አያስቀይምም፣ እንዲያውም ድምፁን ያወፍረዋል።

እዚህ ላይ በገናን እናስብ። ከአውታሩ ሥር የሚገባው ትንሽ ቍርበት ለድምፁ ያን የሚነዝር ግርማ ይሰጠዋል፤ በመለኪያ ቢታይ የሃርሞኒክ ክምችት ነው፣ ለሰሚው ግን ያለ እርሱ በገና በገና አይሆንም። እንግዲህ የተጨመረ ሃርሞኒክ የሚወድ ሰው ጆሮው ተበላሽቶአል ማለት አይገባም። ልዩነቱ ግን አለ፤ በበገናው ላይ ንዝረቱን ያኖረው ባለሙያው ነው፤ አምፕሊፋየሩ ግን የራሱን ንዝረት በበገናውም በዋሽንቱም በፒያኖውም ላይ ሳይመርጥ ይጨምራል።

ስለ ዋት ብዛት ብዙ መጻፍ አያስፈልግም፤ 20 ዋቱን ወደ 40 ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ 200 ዋት ገደማ ይጠይቃል።

ወዳጃችን በመጨረሻ ባለቱቦውን ገዛ። ባሱ ያበጠው ከስፒከሩ ጋር በመጋጠሙ እንደ ሆነ ነግረነዋል፣ ኩርባውንም በወረቀት ሥለን አሳይተነዋል። እርሱም «እኔ የምወደው ይኸንኑ ነው» አለና፣ ከዋጋው ልዩነት የተረፈለትን ገንዘብ ለሸክላ አዋለው።