የመዝሙር ግጥም በሙሉ ስክሪን፦ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ

ሰቆጣ ላይ በአንድ እሁድ የሆነውን ላስቀድም። ግጥም በፕሮጀክተር የምናወጣበት ላፕቶፕ ቻርጀሩ ተበላሸና ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሊኑክስ የተጫነበትን ላፕቶፑን አዋሰን። ፕሮግራሙ ያው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች አንዱ የጻፈው። ነገር ግን ግጥሙ ላፕቶፑ ላይ ቀረ፤ ግድግዳው ላይ የእንግዳችን የግል ፋይሎች ስም ተደርድሮ ታየ። ዘማሪዎቹ በቃላቸው ቀጠሉ፤ መዝሙሩን የማያውቁት አዳዲስ ሰዎች ግን ዝም ብለው ቆሙ።

ወንድማችን ምን አድርጎ ነበር? ፍሬም የሌለው መስኮት ሠርቶ፣ በላፕቶፑ ስፋት ልክ 1366 ነጥብ ወደ ቀኝ ገፍቶ፣ መጠኑን 1024 በ768 አድርጎታል። ዊንዶውስ ላይ ይህ ይሠራል። መስኮቱ ስክሪኑን ልክ ከሸፈነው ዊንዶውስ ራሱ እንደ ሙሉ ስክሪን ይቆጥረዋል፤ የታችኛው አሞሌም ገለል ይላል። በአዳዲሶቹ ሊኑክሶች ላይ ያለው ዌይላንድ ግን ፕሮግራም መስኮቱን የት እንደሚያስቀምጥ በቁጥር እንዲወስን አይፈቅድለትም። ፕሮግራሙ የሚችለው መጠየቅ ብቻ ነው፦ «ይህን መስኮት በዚያኛው ስክሪን ላይ ሙሉ አድርግልኝ» ይላል፤ የቀረውን ሲስተሙ ይፈጽማል።

ማክም የራሱ ታሪክ አለው። አፕል በ2011 እ.ኤ.አ. ላየን በተባለው እትም አዲስ የሙሉ ስክሪን አሠራር አመጣ። ታዲያ አንዱ ስክሪን ሙሉ ሲሆን ሌላው በግራጫ ጨርቅ ምስል ይሸፈን ነበር! ግጥም የሚቀይረው ሰው ፊት ምንም አይታይም ማለት ነው። ይህ የተስተካከለው በ2013 በማቨሪክስ ነው።

ስለዚህ ፕሮግራም የምትጽፉ ወጣቶች፣ ለእያንዳንዱ ሲስተም የየራሱን ዘዴ ከመፈለግ በሦስቱም ላይ የሚሠራ መሣሪያ ተጠቀሙ። ኦፕን ኤልፒ የተባለው ነጻ የአምልኮ ፕሮግራም በፓይተንና በኪዩት የተጻፈ ነው። ኪዩት የተገናኙትን ስክሪኖች ዝርዝር ይሰጣችኋል፤ መስኮቱን ለመረጣችሁት ስክሪን ትመድቡና «ሾው ፉል ስክሪን» የሚለውን ትእዛዝ ትጠራላችሁ። ስክሪን ሲጨመርና ሲነሳም ያሳውቃል። ገመድ በተነቀለ ጊዜ የግጥሙ መስኮት የመቆጣጠሪያውን ገጽ እንዳይሸፍን ይህንን መልእክት ማዳመጥ ግድ ነው። ኤስኬፕ ሲጫን መውጣትም አይረሳ፤ መውጫ ያጣ ሰው ላፕቶፑን አጥፍቶ ያበራል፣ ያኔ ስብከቱ ተጀምሯል።

የፊደሉ መጠን ከፕሮጀክተሩ ቁመት ይሰላ እንጂ ከላፕቶፑ አይሁን። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ይሁንና ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ግጥም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ተይቡ፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን የመሰለ ነጻ ፎንትም ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይጫን። ኽምጣኛም በዚሁ ፊደል ስለሚጻፍ ለዋግ ወገኖቻችን ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም።

ወንድማችን አሁን ቅዳሜ ማታ በሁለቱም ላፕቶፖች ይሞክራል። መዝሙሩ መካከል ላይ ገመዱን ይነቅላል፣ መልሶ ይሰካል፣ ግጥሙ ወደ ግድግዳው መመለሱን ያያል።